ጥለት የያዘው ሳጥን

የአርባ ምንጯ ሲቀላ ገና ስም ሳይወጣላት፣ ዛሬ ባጃጅና የሙዝ ጭነት መኪና የሚተራመስበት ሜዳ ግራርና ቁጥቋጦ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ከዶርዜ ተራራ እየወረደ በአንድ ዋርካ ሥር ሸማ የሚሸጥ ሸማኔ ነበር። የሽመና ዕቃው ከአባቱ የወረሰው ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት አያቱ ናቸው፤ አባቱ በዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰደው መርገጫውን ሲረግጡ ኖሩ፤ እሱም እንደዚያው። ሚስቱ ጥጡን ትፈትላለች፣ ልጆቹ ቀሰም ይሞላሉ፣ እሱ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ይውላል። አንድ ጋቢ ለመጨረስ ቀናት ይፈጅበታል። ጥለት ያለው ከሆነማ ከዚያም ይብሳል፤ ጥለቱን ክር በክር እየቆጠረ በጣቱ ነው የሚያስገባው።

ይህ ሰው የታወቀው በጥለቱ ነበር። ቀዩን፣ ቢጫውንና ጥቁሩን ሲያዋህድ የራሱ አካሄድ ነበረው፤ በዋርካው ሥር ከተዘረጉት ሸማዎች መካከል ሴቶቹ የእሱን እጅ ከሩቅ ይለዩታል።

አንድ የገበያ ቀን በቅሎ የሚነዳ ነጋዴ መጣ። የጫነው ቡናም አሞሌም አልነበረም፤ በዚያ አገር ታይቶ የማይታወቅ የሽመና ዕቃ ነበር። በዕቃው ራስጌ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ከሳጥኑ የሚወጡ ብዙ ገመዶች ድሩን ይይዛሉ። ሸማኔው አንድን ጥለት አንዴ በጣቱ ሠርቶ ካሳየው ሳጥኑ ያጠናዋል። ከዚያ ወዲያ መርገጥ ብቻ ነው፤ ገመዶቹ ራሳቸው እየተነሡና እየወደቁ ያንኑ ጥለት ያወጣሉ።

«ስንት ትሸጠዋለህ?» አለ ሸማኔው።

«አልሸጠውም» አለ ነጋዴው። «ዕቃው የእኔ ነው፤ አንተ ትሠራበታለህ። ጨረቃ በወጣች ቁጥር፣ በዕቃው ላይ ለሚቀመጥ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጠገራ ብር ትሰጠኛለህ።»

«ቢሰበርስ ማን ይጠግነዋል?» አለ ሸማኔው።

«እኔ እጠግነዋለሁ። የተሻለ ሲሠራ የተሻለውን አመጣልሃለሁ። የመጀመሪያዋ ጨረቃ በነፃ ናት።»

ሸማኔው ሸማውን የሚሸጠው በአሞሌ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ጠገራ ብር በስምንት አሞሌ ይመነዘራል፤ በአዲሱ ዕቃ ደግሞ በአንድ ወር የሚሠራው ሸማ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያወጣል። አስቦ አስቦ እሺ አለ፤ አላጠፋምም። ጎረቤቱም ሸማኔ ነበርና በዚያው ቀን፣ በዚያው ውል አንድ ዕቃ ወሰደ።

የመጀመሪያው ዓመት የበረከት ዓመት ሆነ። ሸማኔው ቀድሞ በወር የሚጨርሰውን በሳምንት ጨረሰ። ጥለት በጥለት ላይ እየፈጠረ ሳጥኑን አስጠናው። ዕቃው ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ነጋዴው ሁለቱንም ጊዜ መጥቶ ጠገነው፣ አንድ አሞሌም አልጨመረበትም። ሸማኔው ለሁለቱ ልጆቹ ሌላ ሁለት ዕቃ ጨመረ። ለእህቱም ልጅ አንድ ወሰደለት፤ ልጁ የሚሸምነው የእርሻ ሥራ ሲያርፍ ብቻ ነበር፣ ጠገራው ግን በየጨረቃዋ ይከፈልለታል። የአባቱን የሽመና ዕቃ ማን ይነካዋል? እንጨቱ ማገዶ ሆነ። ጉድጓዱም ከብት እንዳይገባበት ተደፈነ።

ጎረቤቱ ዕቃ አልጨመረም። አዲስ ጥለት በፈጠረ ቁጥር ክንድ የምታህል ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ ጊዜ ይሸምናትና ከቤቱ የቀርከሃ ጣራ ሥር ያንጠለጥላታል። ያረጀ ጉድጓዱንም አልደፈነም። ሸማኔው አንድ ቀን ይህን አይቶ «ሳጥኑ ይዞልህ የለም እንዴ? ለምን ክር ታባክናለህ?» አለው። ጎረቤቱም «ሳጥኑስ የማን ነው?» አለ።

በሁለተኛው ዓመት ነጋዴው አንዲት የእንጨት ወፍ ይዞ መጣ። ወፏ በዕቃው ራስ ላይ ተሰክታ ክር ትቆጥራለች፣ ድር ሲበጠስ ትጮኻለች፣ ሸማኔው ዝም ሲል የሚቀጥለውን ጥለት ትገምታለች። ኪራዩም በወፏ ምክንያት ከፍ አለ። «ወፍ አልጠየቅሁህም» አለ ሸማኔው። «አዎ፣ አልጠየቅህም» አለ ነጋዴው፤ «ከአሁን ወዲያ ግን ዕቃው የሚመጣው ከነወፉ ነው።» ያለ ወፍ፣ በቀድሞው ዋጋ የሚቀጥል ውል እንደነበረ ሸማኔው አላወቀም፤ ነጋዴውም አላነሣለትም።

ከዚያ የጠገራው ነገር መጣ። በዚያ ዓመት በባሕር በር ጠገራ ጠፋና ስምንት አሞሌ የነበረው አሥራ አምስት ገባ። የሸማ ዋጋ ግን እንዲህ አልዘለለም፤ ገዢው ደገኛና ቆለኛ እንጂ የባሕር ማዶ ሰው አይደለም። ሸማኔው ለአራት ሰው የሚከፍለውን ሲቆጥር የቤቱን እህል የሚበላው ኪራዩ እንደሆነ ታየው። እንደ ምንም ብሎ ጠገራዎቹን ሰበሰበ። ሊከፍል ሲወርድ ደግሞ የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ አገኘው። የነጋዴው ሰው በወዲያ ማዶ፣ እሱ በወዲህ ማዶ፣ ገንዘቡ በእጁ እያለ ቀኑ አለፈ።

ቤቱ ሲመለስ ሳጥኖቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። በአንዱ ዕቃ ላይ በግማሽ የቀረ የሙሽራ ልብስ ተወጥሯል። በሳጥኑ ጎን ባለች ቀዳዳ ሲያጮልቅ ጥለቱ ይታየዋል፤ የገዛ ጥለቱ፣ ቀዩም ቢጫውም እንዳለ ነው። ማየት ይችላል። መቀጠል ግን አይችልም፤ አንዲት ክር መጨመርም አይችልም።

ነገሩ ሽማግሌዎች ከሚዳኙበት ዱቡሻ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ነጋዴውም ሸማኔውም ቆሙ።

«አባቶቼ» አለ ነጋዴው፣ «አልዋሸሁትም፣ አልሰረቅሁትም። ያልኩትን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሳጥኑ ለሚከፍል ይከፈታል፣ ላልከፈለ ይቆለፋል፤ ውላችን ይኸው ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እውነቱን ነበር። ከመካከላቸው ትልቁ ወደ ሸማኔው ዞሩ።

«ልጄ፣ ዕቃውን በተቀበልክ ዕለት ምን ብለህ ጠየቅኸው?»

«ስንት ነው አልኩት፣ አባቴ።»

«ሌላስ?»

«ቢሰበር ማን ይጠግነዋል አልኩት።»

«ሌላስ?»

ሸማኔው ዝም አለ።

«ዕቃህን ልመልስልህ ብል ጥለቴን በምን ይዤው እሄዳለሁ አላልከውም?»

«አላልኩትም።»

ሽማግሌው ተነሥተው እርጥብ ሣር ቆረጡና ይዘው በነጋዴው ፊት ቆሙ። «ውልህን አናፈርስብህም። ሳጥኑን ለሦስት ቀን ብቻ ክፈትለት። ጥለቶቹን ያውጣና ዕቃህን ውሰድ።» ነጋዴው ውሉ ይህን አያዝበትም ነበር፤ ሣር ይዘው የቆሙ አባት ፊት ግን እምቢ ማለት አልሆነለትም። ከፈተ።

ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት የሸማኔው ቤት አልተኛም። ልጆቹ እየተፈራረቁ ያገኙት ቁራጭ ላይ ሁሉ ጥለት ሸመኑ፤ ጎረቤቱም ከነፈትሉ መጥቶ አብሮ ተቀመጠ። ብዙው ዳነ፤ ጥቂቱ ቀረ። ከቀሩት አንዱን ሚስቱ ከሠርጓ ጊዜ ነጠላ ላይ እየቆጠረች መልሳ አወጣችው። በአራተኛው ቀን ሸማኔው ሦስቱን ዕቃ መልሶ አንዱን ብቻ አስቀረ፤ ለታላቁ ልጁ፣ ብዙ ለሚሸምነው። ለራሱም ጉድጓዱን እንደገና ቆፈረ።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። ያ ነጋዴ ዛሬ ሸቀጡ የቢሮ ሶፍትዌር ነው። ሲቀላ ውስጥ ሆቴል፣ የሙዝ ንግድ፣ የሂሳብ ሥራ ወይም የጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ሁሉ አግኝቶታል፤ ያላገኘውም በቅርቡ ያገኘዋል።

ድሮ ሶፍትዌር በዲስክ ተገዝቶ ይጫን ነበር። የገዛው ሰው እስኪሰለቸው ይሠራበታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፊስ 365ን በየወሩ የሚከፈልበት አድርጎ አመጣው። አዶቢ ደግሞ በ2013 ፎቶሾፕንና መሰሎቹን ከእንግዲህ በወርና በዓመት ክፍያ ብቻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። የሂሳብ ሠራተኞቻችን ዛሬም ፒችትሪ እያሉ የሚጠሩት ፕሮግራም እንኳ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፤ የሚሸጠውም በደንበኝነት ክፍያ ነው። በአገራችን ቢሮዎች ያለው አሮጌው ፒችትሪ እስካሁን የሚሠራው አንዴ ተገዝቶ የተጫነ ስለነበረ ነው።

ክፍያው በራሱ ክፋት የለውም። ኢሜይል፣ የጋራ ፋይል፣ የደህንነት ማሻሻያ፣ ኮምፒውተር ቢሰረቅ የማይጠፋ ቅጂ ያስገኛል። ገዝቶ ማስቀመጥም የራሱ ዕዳ አለው፤ ኦፊስ 2016ና 2019 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም የማይክሮሶፍት ድጋፍ ተቋርጦባቸዋል። ይከፈታሉ፣ ይጽፋሉ፤ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝባቸው ግን የሚደፍንላቸው የለም።

ጭንቀቱ ያለው በጠገራው ላይ ነው። ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚሸጠው የማይክሮሶፍት 365 መደበኛ ጥቅል በአሜሪካ ዋጋው ለአንድ ሰው በወር 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆኖ ለዓመታት ቆይቶ ነበር። አምስት ሠራተኛ ላለው ቢሮ በዓመት 750 ዶላር ማለት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበርና ሂሳቡ ወደ 43,000 ብር ይመጣ ነበር። አንዱን ዶላር በ100 ብር ብቻ ብናሰላው 75,000 ይሆናል፤ ዶላሩም 100 ላይ አልቆመም። ሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የሲቀላው ባለ ሆቴል ክፍያ ከእጥፍ በላይ ሆኗል ማለት ነው፤ የአልጋ ዋጋው ግን በብር ነው። በዚያ ላይ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙው ሰው ውጭ ያለ ዘመዱን ካርድ ይለምናል፤ የዘመዱ ካርድ ጊዜው ካለፈ የቢሮው ሥራ ሊቆም ይችላል።

አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚያበቃው ኦፊስ 2024 ለንግድ የሚሆነው ዓይነት ሲወጣ 250 ዶላር ገደማ ነበር። ይህ በዚያ ዋጋ የ20 ወር ኪራይ ነው። ከሃያኛው ወር በኋላ ተከራዩ ሲከፍል ገዢው አይከፍልም፤ ገዢውም ኢሜይሉና የጋራ ፋይሉ የለውም። እነዚህን የሚፈልግ ቢሮ ቢከራይ ትክክል ነው። ዎርድ ላይ ደብዳቤ ጽፎ ለሚያትም የጽሕፈት ቤት ግን ኪራዩ ከንቱ ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወፏም አለች። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ለቤት የሚሸጠውን ጥቅል ኮፓይለት ከተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አጣምሮ ዋጋውን ከፍ አደረገ። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ኩባንያውን ከሰሰው። ክሱ፣ ያለ ኮፓይለት በቀድሞው ዋጋ መቀጠል እንደሚቻል 2.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ ደንበኞች በግልጽ አልተነገረም፣ አማራጩም የሚታየው ደንበኛው መሰረዝ ሲጀምር ነው የሚል ነበር። ማይክሮሶፍትም ይቅርታ ጠይቋል። የእድሳት ማስታወቂያ ኢሜይል ሲመጣ «እሺ» ከማለት በፊት የመሰረዣውን ገጽ አንዴ ከፍቶ ማየት ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

የኩልፎ ሙላትም በእኛ አገር በተለያየ መልክ ይመጣል። የኪራይ ኦፊስ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ክፍያው መኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ ካልሆነ ፋይሉን ያሳያል እንጂ አያስጽፍም። በሰኔ 2012 ዓ.ም ማብቂያ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት የተመለሰው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል። ክፍያው ራሱ ከቆመ ደግሞ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ያለው ፋይል የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ ይሰረዛል። ሣር ይዞ የሚቆምለት ሽማግሌ የለም።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ክራክ የተደረገውን በፍላሽ አስጭኛለሁ» ሊል ይችላል። እንደዚያ የሚሠራ ቢሮ ብዙ ነው። እኔ ግን ይህን መፍትሔ አልለውም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ይጠብቃል፤ ከሕጉም በላይ፣ ክራኩን የሠራው ሰው ምን አብሮ እንደጫነበት ማንም አያውቅም። የደንበኞች ሂሳብ ያለበትን ኮምፒውተር ለማይታወቅ ሰው መስጠት ነው። ሊብሬኦፊስ በሕጋዊ መንገድ ያለ ክፍያ ይገኛል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የዎርድና የኤክሴል ፋይልም ይከፍታል። የጀርመኑ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክልል እ.ኤ.አ. በ2024 ሠላሳ ሺህ የሚሆኑ የመንግሥት ኮምፒውተሮቹን ወደ እሱ ለማዛወር ወስኗል። የተወሳሰበ የኤክሴል ሥራ ላይ ግን ይቸገራል፤ የደብዳቤ አሰላለፍም አንዳንዴ ያዛባል። ለዚህ ነው በጭፍን «ሁላችሁም ቀይሩ» የማልለው።

ፋይል በተሠራበት ፕሮግራም ወይም ፎንት ታስሮ መቅረቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ቃለ ጉባኤና የደመወዝ መዝገብ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። በየወረዳው ቢሮ ይህን ያላየ የመዝገብ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ወረቀት ላይ የታተመው ግን ዛሬም ይነበባል።

ስለዚህ የሲቀላው ባለድርጅት የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ ከመላኩ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢመድብ ይበቃዋል። ከሚከፈልላቸው ስሞች መካከል ባለፉት ሦስት ወራት ማን በእርግጥ እንደገባ ያያል፤ እንደ እህቱ ልጅ ያለ አንድ ስም አይጠፋም። የሂሳቡንና የውሉን ፋይል በሙሉ በራሱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ያወርዳል፣ ዋና ዋናውን በፒዲኤፍም ያስቀምጣል። ከዚያ ኦፊስ ያልተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ሊብሬኦፊስ አስጭኖ አሥር ያህሉን ይከፍታል። የተከፈቱት የትኞቹ እንደሆኑ፣ የተበላሹትም የትኞቹ እንደሆኑ በወረቀት ይጽፋል፤ ለማን መክፈል እንዳለበትና ለማን እንደሌለበት የሚወስነው ያንን ወረቀት ይዞ ነው።